ሬዲዮ ላይ ለመሥራት የግድ መማር አለብኝ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማይክ ፊት ለመቀመጥ የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሬዲዮ ላይ ለመሥራት ዲግሪ የግድ ነው?

በአብዛኛው አይደለም። ሐኪም ወይም ጠበቃ ያለ ሙያ ፈቃድ መሥራት አይችልም። የሬዲዮ አቅራቢ ግን በብዙ አገር እንዲህ ዓይነት ፈቃድ አይጠየቅም። ፈቃድ የሚያወጣው ጣቢያው ነው።

ከዚህ ለየት ያሉ አገሮች አሉ። ብራዚል ውስጥ በጋዜጠኝነት ለመሥራት የኮሌጅ ዲፕሎማ ለአርባ ዓመት ያህል ግዴታ ነበር። ግዴታውን ያነሳው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2009 ነው። ጣሊያን ደግሞ ባለሙያ ጋዜጠኛ ለመባል ፈተና አልፎ በጋዜጠኞች ማኅበር መዝገብ ላይ መስፈር ያስፈልጋል። ስለዚህ የምትሠሩበትን አገር ሕግ ቀድሞ ማየት አይከፋም።

ሕጉ ባይጠይቅም ቀጣሪው ሊጠይቅ ይችላል። ትልልቅ ጣቢያዎችና በመንግሥት በጀት የሚተዳደሩት የሥራ ማስታወቂያቸው ላይ ብዙ ጊዜ ዲግሪ ይጠይቃሉ። ትንንሾቹና የማኅበረሰብ ጣቢያዎች ላላ ይላሉ። እንግዲህ ስለ ዲግሪ ከመጨነቃችሁ በፊት የት መሥራት እንደምትፈልጉ ወስኑ።

ለመሆኑ ትምህርት የሚያስፈልገው ለየትኛው የሬዲዮ ሥራ ነው?

ሬዲዮ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ማይክ ፊት የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው። ከመስታወቱ ወዲያ ግን ፕሮዲዩሰር አለ፣ ዘጋቢ አለ፣ የዜና ኤዲተር አለ፣ ድምፅ የሚቀላቅል ቴክኒሻን አለ፣ ማሠራጫውን የሚጠብቅ ኢንጂነር አለ፣ ማስታወቂያ የሚሸጥ ሰው አለ። ትንሽ ጣቢያ ውስጥ ከእነዚህ ውስጥ አራቱን አንድ ሰው ይሠራቸዋል።

ለመዝናኛና ለሙዚቃ አቅራቢ ትምህርት ያግዛል እንጂ ወሳኝ አይደለም። ለዜናና ለምርመራ ሥራ በጣም ይጠቅማል። ለማሠራጫ ኢንጂነር ያለ ትምህርት መሞከሩ ራሱ አደጋ ነው። "መማር ያስፈልጋል?" ለሚለው አንድ ወጥ መልስ የማይገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይማሩ ስመ ጥር የሆኑ አቅራቢዎች አሉ አይደል?

አሉ። በቃለ መጠይቅ የታወቀው አሜሪካዊ አቅራቢ ላሪ ኪንግ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ ኮሌጅ የሚባል አልገባም። ማያሚ ሄዶ አንድ ትንሽ ጣቢያ ውስጥ እየጠረገና እየተላላከ ቆየ። አንድ አቅራቢ ሥራ ሲለቅ በ1957 አየር ላይ ወጣ። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ዝነኛ ዜና አንባቢ የነበረው ዋልተር ክሮንካይት ዩኒቨርሲቲ አቋርጧል። በካናዳ የተወለደው ዜና አንባቢ ፒተር ጄኒንግስ ሁለተኛ ደረጃንም አልጨረሰም።

ግን ታሪካቸውን እስከ መጨረሻው እንመልከተው። ክሮንካይት ከ1937 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ዩናይትድ ፕሬስ በተባለው የዜና ወኪል ውስጥ ሠርቷል። እያንዳንዱ ዜና በአለቃ ብዕር እየታረመ የሚያልፍበት ቤት ነበር። ጄኒንግስ አባቱ የካናዳ ሬዲዮ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ እሱም በዘጠኝ ዓመቱ የልጆች ፕሮግራም ያቀርብ ነበር። ኪንግም ቢሆን ጣቢያው ውስጥ ሌት ተቀን ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ሁሉም ተምረዋል፤ የተማሩት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አለመሆኑ ነው ልዩነቱ።

ሌላም ነገር አለ። ሳይማሩ የተሳካላቸውን ስማቸውን እናውቃለን። ሳይማሩ ሞክረው የቀሩትን ግን ማንም ቃለ መጠይቅ አያደርግላቸውም። በጥቂት ዝነኞች ታሪክ ብቻ ተመርታችሁ ትምህርት አታቋርጡ።

ሰው ሁሉ "ድምፅህ ለሬዲዮ ነው" ይለኛል፤ አይበቃም?

ጥሩ ድምፅ ያግዛል፤ ብቻውን ግን ሩቅ አይወስድም። ለዚያውም "ወፍራም" የምንለው ድምፅ ከፊሉ የማይኩ ሥራ ነው። ከአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሰማ ማይክ ስንጠጋው ዝቅ ያሉትን የድምፅ ሞገዶች ያጎላል። ከማይኩ ራቅ ሲል ያ ግርማ ሞገስ የሚጠፋበት አቅራቢ ብዙ ነው።

ባለሙያ ከአማተር የሚለየው ስክሪፕት ላይ ነው። አንድ ልምድ ያለው ዜና አንባቢ ወረቀቱን ሲቀበል የሚያደርገውን ልብ ብላችሁ እዩ። እርሳስ ያነሳል። ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ላይ ጭረት ያደርጋል። የዜናውን ጭብጥ የተሸከመችው ቃል ሥር ያሰምራል። ጠብቆ ካልተነበበ ትርጉሙ የሚዛባ ቃል ካለ ከላዩ ነጥብ ያስቀምጣል። 1,347,000 የሚለውን ሰርዞ "አንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ ገደማ" ብሎ በፊደል ይጽፋል፤ ምክንያቱም አድማጭ ቁጥሩን መልሶ ማየት አይችልም። የማያውቀው የሰው ስም ከገጠመው ደውሎ አነባበቡን ይጠይቃል። ወረቀቶቹ በስቴፕለር ተያይዘው ከሆነም ይፈታቸዋል፤ ሲገለጡ ኮሽታው በማይክ ይገባላ።

ይህ ሁሉ የሚለመድ ነገር ነው። ኮሌጅ ውስጥም ይለመዳል፣ ጣቢያ ውስጥም ይለመዳል። ተፈጥሮ የሰጠችን ድምፅ ግን ይህን አብሮ ይዞ አይመጣም።

ትምህርት ቤት የሚሰጠኝ፣ በራሴ የማላገኘው ምንድን ነው?

እኔ ከሁሉም አስቀድሜ የምጠራው የሰለጠነ ጆሮ ያለው መምህር ነው። አሜሪካዊው የሬዲዮ ዘጋቢ ኤድዋርድ ሞሮው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከለንደን የሚልከው ዘገባ "ይህ ለንደን ነው" በሚል ዐረፍተ ነገር ይጀምር ነበር። "ይህ" ካለ በኋላ ትንሽ ቆም የማለቱ ነገር ከሥርጭቱ መታወቂያዎች አንዱ ሆነ። ያቺን ዝምታ የመከረችው አይዳ ሉ አንደርሰን ናት። ዋሽንግተን ስቴት ኮሌጅ ውስጥ የንግግር ጥበብ ያስተማረችው መምህሩ ነበረች። እሱ በ1930 ተመርቆ ከሄደ ከዓመታት በኋላም በሬዲዮ ትሰማው ነበር፤ ሐሳቧንም በደብዳቤ ላከችለት። እንዲህ ዓይነት ሰው ዩቲዩብ ላይ አይገኝም።

ሁለተኛው ሕግ ነው። ስም ማጥፋት፣ የቅጂ መብት፣ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ አዘጋገብ፣ የሕፃናት ማንነት ጥበቃ። እነዚህን ከሥራ ላይ መማር ይቻላል፤ ግን የሚማሩት ከተከሰሱ በኋላ ነው። በቀጥታ ሥርጭት ደግሞ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አድማጭ ደውሎ የአንድን ሰው ስም ጠርቶ "ሌባ ነው" ሲል አቅራቢው ምን ማለት እንዳለበት ቀድሞ ማወቅ አለበት። የሚያስብበት ጊዜ ጥቂት ሴኮንድ ነው። ሥርጭቱን ጥቂት ሴኮንድ የሚያዘገይ መሣሪያ ያላቸው ጣቢያዎች እንኳ ቁልፉን የሚጫን ንቁ እጅ ያስፈልጋቸዋል።

ሦስተኛው የመሳሳት ነፃነት ነው። ተማሪ ቢሳሳት ውጤት ይቀነስበታል። ሠራተኛ ቢሳሳት ግን የሰው ስም ይጠፋል፣ ጣቢያው ይቅርታ ይጠይቃል፣ እሱም እንጀራው ሊቋረጥ ይችላል።

ጋዜጠኝነት ልማር ወይስ ሌላ ነገር?

የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት የሚባለው ነገር ራሱ ዕድሜው ብዙ አይደለም። ፈር ቀዳጅ ተደርጎ የሚጠቀሰው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲው በ1908 ነው የተከፈተው። መደበኛ የሬዲዮ ሥርጭት የተስፋፋው ከ1920 በኋላ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ የሬዲዮ ሰዎች ከቲያትር፣ ከጋዜጣና ከቴሌግራም ቤት የመጡ ነበሩ። ከየትም አቅጣጫ ወደ ሬዲዮ የመግባት ባህል እስከ ዛሬ አልጠፋም።

አሜሪካዊቷ የሬዲዮ ቃለ መጠይቅ አቅራቢ ቴሪ ግሮስ መጀመሪያ የተማረችው እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው። ሬዲዮ የጀመረችው በ1973 በቡፋሎ የዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ነበር። ሌላው አሜሪካዊ የሬዲዮ አቅራቢ አይራ ግላስ ብራውን ዩኒቨርሲቲ የተማረው ስለ ምልክትና ትርጉም የሚያጠናውን ሴሚዮቲክስ ነው። ኤን ፒ አር የተባለው የአሜሪካ የሕዝብ ሬዲዮ የገባው ግን ከመመረቁ በፊት፣ በ1978፣ ገና በ19 ዓመቱ በልምምድ ነበር። ሁለቱንም የሚያመሳስላቸው የትምህርት ክፍላቸው አይደለም። ገና በወጣትነታቸው ስቱዲዮ ውስጥ መገኘታቸው ነው።

የኔ ምክር ይህ ነው፦ የምትወዱት የዕውቀት ዘርፍ ካለ እሱን ተማሩ። ኢኮኖሚክስ፣ ሕግ፣ ጤና፣ ታሪክ፣ ግብርና ሊሆን ይችላል። ከትምህርቱ ጎን ለጎን የግቢውን ጣቢያ አትልቀቁ። በጀት አንብቦ የሚረዳ ዘጋቢ የትም ዜና ክፍል ውስጥ ውድ ነው። ሌላ የሚስባችሁ ዘርፍ ከሌለና ዜና ዜና ካላችሁ ደግሞ ጋዜጠኝነት ግቡ፤ ትክክለኛ ቦታችሁ ነው።

ኮሌጅ ከመመዝገቤ በፊት ምን ልጠይቅ?

አየር ላይ ያለ ጣቢያ ወይም በኢንተርኔት የሚተላለፍ ሬዲዮ እንዳላቸው ጠይቁ። "ስቱዲዮ አለን" ካሏችሁ ግቡና እዩት። ማይኩ ላይ አቧራ ካለ ወይም በሩ ተቆልፎ ቁልፉ ያለበት ሰው ከጠፋ መልሱን አገኛችሁ። አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ስንት ሰዓት ስቱዲዮ ውስጥ እንደሚያሳልፍም ጠይቁ። ብሮሹሩ ላይ የተሳለውን ሚክሰር፣ ማለትም የድምፅ መቀላቀያ መሣሪያ፣ ተማሪው ይነካዋል ወይስ ከሩቅ ያየዋል?

ከዚያ ወደ መምህራኑ ሂዱ። ዜና ክፍል ውስጥ የሠራ አለ? የተማሪን ሥራ አብሮ ተቀምጦ መልሶ የሚያዳምጥ አለ? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ከተቻለ ያለፈው ዓመት ተመራቂዎችን ፈልጉና የት እንዳሉ ጠይቋቸው። የትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ የማይነግራችሁን እነሱ በሁለት ደቂቃ ይነግሯችኋል።

የሦስት ወር ሥልጠና ወስጄ ሰርተፍኬት ብይዝስ?

ለተወሰነ ነገር ጥሩ ነው። ድምፅ ኤዲቲንግ፣ አተነፋፈስ፣ የስክሪፕት አጻጻፍ በአጭር ጊዜ መሠረቱን መያዝ ይቻላል። ዲግሪ ያለው የሌላ ሙያ ሰው ወደ ሬዲዮ መሻገር ሲፈልግም ከአዲስ ዲግሪ ይልቅ ይህ ያዋጣዋል።

የምትጠነቀቁት "ጨርሳችሁ ስትወጡ ሥራ እናስገባችኋለን" የሚለውን ነው። ሬዲዮ ጣቢያ በሰርተፍኬት ሰው አይቀጥርም። አሠልጣኙ ማን እንደሆነ፣ ክፍሉ ውስጥ ስንት ሰው እንደሚገባና እናንተ ራሳችሁ ስንት ጊዜ እንደምትቀዱ ካልተነገራችሁ ገንዘባችሁን አትክፈሉ።

በራሴ ብማርስ? ከየት ልጀምር?

ይቻላል፤ ዘንድሮ ደግሞ ከምንጊዜውም ይልቅ ቀሏል። ድሮ ድምፅ ለመቁረጥ ቴፕ፣ ምላጭና ማጣበቂያ ያስፈልግ ነበር። አሁን ኦዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከ2000 ጀምሮ አለ፤ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይም ይሠራል። ስልካችሁም ለመነሻ ይበቃል። ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ከፍታችሁ ፊታችሁን ወደሱ አዙራችሁ ብትቀዱ የክፍሉ ማስተጋባት በጣም ይቀንሳል።

ከዚያ ሥራው ይጀመራል። የሦስት ደቂቃ ዘገባ አዘጋጁ። አንድ ሰው አነጋግሩ፣ ስክሪፕት ጻፉ፣ ቅዱ፣ ቁረጡ። ቃለ መጠይቁን ስትሰሙ የራሳችሁን ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ገልብጡ። ስንቶቹ ጥያቄዎች "አዎ" ወይም "አይ" ብቻ ነው ያስመለሱት? እንግዳው እየተናገረ ስንት ቦታ ላይ አቋረጣችሁት? "እሺ፣ እሺ" እያላችሁ ድምፁን ስንት ቦታ አበላሻችሁበት? ራስን መስማት መጀመሪያ ላይ ይከብዳል። ሙያው ግን እዚያ ነው ያለው።

በራስ የመማር ትልቁ ክፍተት የሚያርም ሰው አለመኖሩ ነው። ይህን በሆነ መንገድ ሙሉት። በአቅራቢያችሁ ያለ የማኅበረሰብ ጣቢያ በፈቃደኝነት የሚያገለግል ሰው ሳይፈልግ አይቀርም። የስልክ ጥሪ ተቀበሉ፣ ማኅደር አደራጁ፣ እንግዳ አስተናግዱ። ከሁለት ወር በኋላ "እስቲ ይህን ስማልኝ" የምትሉት ሰው ይኖራችኋል።

ቀጣሪ የሚያየው ዲግሪዬን ነው ዲሞዬን?

ማመልከቻ ሲለይ ዲግሪ፣ ሰው ሲመረጥ ዲሞ፣ ማለትም የሥራችሁ ናሙና ቅጂ፣ ይታያል። አመልካች ሲበዛ የሰው ኃይል ክፍል መጀመሪያ የሚያጣራው በወረቀት ነው። ወረቀት የሌለው ድምፁ ሳይሰማ ሊወድቅ ይችላል። ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ግን ያለ ነገር ነው፤ ተዘጋጅቶ መግባት ይሻላል። ማጣሪያውን ካለፋችሁ በኋላ ግን ፕሮግራም ኃላፊው ሄድፎኑን አድርጎ የሚሰማው ዲግሪያችሁን አይደለም።

ዲሞው አጭር ይሁን፤ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። በጣም ጎበዝ የሆናችሁበትን መጀመሪያ ላይ አድርጉት፤ ማንም እስከ መጨረሻው የመስማት ግዴታ የለበትም። የሙዚቃ መግቢያ አታስረዝሙ፤ የሚፈለገው የእናንተ ድምፅ ነው። ለዜና ክፍል የሚላከውና ለመዝናኛ የሚላከው አንድ ዓይነት መሆን የለበትም። ደግሞም የሌላ ዝነኛ አቅራቢ ድምፅ አትቅዱ። ያ አቅራቢ ቀድሞ ተቀጥሯል።

ቴክኒክ ክፍል መግባት ብፈልግስ?

እዚህ ላይ መልሴ ጠንከር ይላል። የስቱዲዮ ቴክኒሻን ሚክሰሩንና ሶፍትዌሩን በልምምድ መልመድ ይችላል። ማሠራጫ ላይ የሚሠራ ሰው ግን ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ የአንቴና ጨረርና ረጅም ምሰሶ ጋር ነው የሚውለው። ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ወይም የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒክ ትምህርት ያስፈልገዋል። ስሕተቱ ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። የጣቢያው ሞገድ ከመሥመሩ ከወጣም የሌላ ጣቢያን ወይም የአውሮፕላን ግንኙነትን ሊረብሽ ይችላል፤ የኤፍ ኤም መደብ የሚያበቃበት 108 ሜጋኸርትዝ የአቪዬሽኑ መደብ የሚጀምርበት ነውና።

የሙያው ታሪክ ግን ሁለቱንም ዓይነት ሰው ያሳያል። ጉሊየልሞ ማርኮኒ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልነበረውም፤ ቤቱ በተቀጠሩ መምህራንና በራሱ ሙከራ ነው የተማረው። በ1909 የፊዚክስ ኖቤል ሲሸለም ሽልማቱን የተካፈለው ግን ፕሮፌሰር ከነበረው ካርል ፈርዲናንድ ብራውን ጋር ነበር። ኤፍ ኤምን የፈለሰፈው ኤድዊን አርምስትሮንግ ደግሞ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ምሩቅ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1933 ነው። ከማርኮኒ ወዲህ መሣሪያው እጅግ ስለተራቀቀ ዛሬ የእሱን መንገድ መከተል ከባድ ነው።

የተማረ ጋዜጠኛ የተሻለ ሥነ ምግባር አለው ማለት ነው?

አይደለም። ይህን ጥያቄ ስንመልስ ሩዋንዳን ማለፍ አንችልም። በ1994ቱ የዘር ማጥፋት ሬዲዮ ሚል ኮሊን የተባለው የአገሪቱ ጣቢያ ግድያን ሲቀሰቅስ ነበር። ከመሥራቾቹ አንዱ ፈርዲናንድ ናሂማና በታሪክ የዶክትሬት ዲግሪ ያለው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። በ2003 ለሩዋንዳ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎታል። ከአቅራቢዎቹ አንዱ ቤልጂየማዊው ጆርጅ ሩጂዩ ደግሞ የጋዜጠኝነት ሥልጠና ያልነበረው ሰው ነው። ጥፋቱን አምኖ በ2000 አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። አንዱ በጣም የተማረ፣ ሌላው በሙያው ያልሠለጠነ፤ አንድ ጣቢያ ላይ ተገናኙ።

ከዚህ እኔ የምወስደው፣ ዲግሪ ሕሊና አይሰጥም፤ አለመማርም ከኃላፊነት አያድንም። የሥነ ምግባር ኮርስ የሚሠራው አንድ ነገር ነው፦ ፈተናው ሳይመጣ በፊት ስለ ፈተናው እንድታስቡ ጊዜ ይሰጣችኋል። አለቃ "ይህን አንብብ" ብሎ ያልተጣራ ወሬ ሲሰጣችሁ "ምንጩ ማነው?" የሚል ጥያቄ አፋችሁ ላይ ዝግጁ ሆኖ መጠበቅ አለበት። ያ ጥያቄ ከክፍልም ይምጣ ከጥሩ ኤዲተር፣ ሳይዙት ማይክ ፊት መቀመጥ ለአድማጭ አደጋ ነው።

ሬዲዮ እየሞተ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ዜና እያነበበ አራት ዓመት መማር አያከስርም?

ሬዲዮ ቤት እየቀየረ ነው። ኖርዌይ በ2017 ብሔራዊ ጣቢያዎቿን ከኤፍ ኤም አውጥታ ወደ ዲጂታል አዛወረች። ፖድካስቱም፣ የኢንተርኔት ሬዲዮውም አለ። ለጆሮ መጻፍ፣ ሰው ማናገር፣ መረጃ ማጣራት ግን በሁሉም ቤት ይፈለጋሉ። ትምህርታችሁ እነዚህ ላይ ከተመሠረተ አይባክንም። አንድ ሶፍትዌር አጠቃቀም ላይ ብቻ ከተመሠረተ ግን ከመመረቃችሁ በፊት ያረጃል።

ስለ ሰው ሠራሽ አቅራቢዎች አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ2024 ፖላንድ ውስጥ አንድ የራዲዮ ክራኮው ቻናል ፕሮግራሞቹን በኮምፒዩተር በተፈጠሩ አቅራቢዎች ተካ። በ2012 ያረፈችውን የኖቤል ተሸላሚ ገጣሚ ቪስዋቫ ሺምቦርስካን ሳይቀር በሰው ሠራሽ ድምፅ "ቃለ መጠይቅ" አደረገላት። ቁጣው ከባድ ነበር፤ ሙከራው በሳምንት ገደማ ቆመ። የአየር ሁኔታና የሰዓት ዜና ንባብ ወደ ማሽን መሄዱ ግን የሚቀር አይመስለኝም። ማንበብ ብቻ የሚችል አቅራቢ ሊሰጋ ይገባል። ሄዶ የሚዘግብ፣ ሰው የሚያምነው፣ መልስ ሲድበሰበስ ተመልሶ የሚጠይቅ ግን ተፈላጊነቱ ይጨምራል።

ለዓመታት ጣቢያ ውስጥ ሠርቻለሁ፤ አሁን ዲግሪ ብይዝ ምን ይጨምርልኛል?

በሦስት ሁኔታ ይጠቅማል። ደመወዝና እድገት በትምህርት ደረጃ በሚወሰንበት መሥሪያ ቤት ከሆናችሁ አንዱ ያ ነው። ወደ ኤዲተርነት ወይም ኃላፊነት ስትሄዱ አንባቢነት ብቻ አይበቃም፤ በጀት፣ ሕግና የሰው አስተዳደር ይመጣል። ማስተማር ከፈለጋችሁም ያለ ዲግሪ በሩ ጠባብ ነው።

ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ፣ ያላችሁን ጊዜ የምትዘግቡበትን ዘርፍ በማጥናት ብታሳልፉት ይሻላል። የጤና ፕሮግራም አዘጋጅ የሕክምና ጥናት እንዴት እንደሚነበብ ቢማር አድማጩ በሚቀጥለው ሳምንት ልዩነቱን ይሰማዋል። ከተማራችሁ ደግሞ የማታ ወይም የርቀት ትምህርት ፈልጉ። አየር ላይ የተለመደ ድምፅ ለዓመታት ከጠፋ አድማጩን እንደገና መሰብሰብ ቀላል አይደለም።

ጣቢያ ሥራ ሰጠኝ፣ ዩኒቨርሲቲም ገብቻለሁ፤ የቱን ልተው?

መጀመሪያ ሁለቱንም ላለመተው ሞክሩ። ሬዲዮ የጠዋት፣ የማታና የቅዳሜና እሑድ ፈረቃ ያለው ሥራ ስለሆነ ከተማሪ ፕሮግራም ጋር ሊገጥም ይችላል። ጣቢያውን በግልጽ ጠይቁ። "የሳምንት መጨረሻውን ስጡኝ" የሚል ወጣት ብዙ ጊዜ እምቢ አይባልም፤ ነባሮቹ የማይፈልጉት ፈረቃ ነውና።

የግድ መምረጥ ከሆነ የተሰጣችሁን ሥራ በደንብ መርምሩት። በጽሑፍ ውል አለው? ደመወዝ ይከፈላል ወይስ "ለልምዱ ነው" ተብላችኋል? የሚያርማችሁ ኤዲተር አለ? ሦስቱም ካሉ ዩኒቨርሲቲውን ለአንድ ዓመት ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ ሬጅስትራርን ጠይቁ፤ የተፈቀደላችሁን በጽሑፍ ተቀበሉና ሥራውን ሞክሩት። ኤዲተር ከሌለ፣ ውል ከሌለ፣ ክፍያውም "ወደፊት" ከሆነ ትምህርታችሁን ቀጥሉ። ከወላጆቻችሁ ጋር ስትነጋገሩም ውሉን ይዛችሁ ሂዱ። "ሬዲዮ ገባሁ" ከሚለው ወሬ ይልቅ የተፈረመ ወረቀት ማየት ያረጋጋቸዋል፤ ውሉ ላይ እናንተ ያላያችሁት ክፍተት ካለም ቀድመው የሚያዩት እነሱ ይሆናሉ።